ሮታ ቫይረስ በተገኘበት አገር የአቦርጂናል ሕፃናት ለምን ዛሬም በተቅማጥ ሆስፒታል ይገባሉ?

ጤና መኮንኑ (ሜልበርን) ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። በ1973 ሩት ቢሾፕ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ እዚሁ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን፣ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ፣ ከባድ ተቅማጥ ከያዛቸው ልጆች አንጀት ቅንጣት ናሙና ወስደው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። ያገኙት ቫይረስ ዛሬ ሮታ የምንለው ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ልጁ ሲደርቅ ያያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደያዘው አያውቅም ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም ለሕፃናት የሚሰጠው የሮታ ክትባት መነሻው ያ ግኝት ነው።

ክትባቱ ለአቦርጂናል፣ ማለትም ለአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ልጆች ዘግይቶ ደረሰ እንዳልል ደግሞ አልዘገየም። ብዙ አቦርጂናል የሚኖርበት የሰሜኑ ግዛት፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ በኦክቶበር 2006 ጀመረ። አገር አቀፉ ፕሮግራም የመጣው በጁላይ 2007 ነው። ማለትም ከሲድኒና ከሜልበርን ልጆች ቀድመው ነው ያገኙት።

ይህ ሁሉ ሆኖ በሰሜኑ ግዛትና በምዕራቡ ኪምበርሊ የአቦርጂናል ሕፃናት በተቅማጥና ትውከት ሆስፒታል የሚገቡት ከሌላው አውስትራሊያዊ ልጅ በብዙ እጥፍ ነው። ሞቱ ቀንሷል፤ እሱን መካድ አይቻልም። በ1960ዎቹ በማዕከላዊ አውስትራሊያ ከ1,000 የአቦርጂናል ሕፃናት ከ100 በላይ የሚሆኑት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ተቅማጥና የሳንባ ምች ከዋነኞቹ ገዳዮች ነበሩ። ዛሬ ክሊኒክ አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ ግሉኮስ አለ። ልጁ ይተርፋል። ግን ይመለሳል። ከወር በኋላ እንደገና ይመለሳል።

አገር ቤት ሳለሁ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ነበር የምሠራው። ሥራችን ማስተማር ነበር። እጅ መታጠብ፣ ሽንት ቤት መቆፈር፣ ውኃ ማከም። እዚህስ? ቤቱ ተሠርቷል፣ ቧንቧው ገብቷል፣ ሽንት ቤቱ ሴራሚክ ነው። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? በሩቅ መንደሮች የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ከመጽሐፍ የሚገኘውን እኔም አንብቤያለሁ።


የሰፈር ልጅ (ብሪዝበን) ጻፈ፦

ወንድሜ ነገሩን አታወሳስበው። መጠጥ ነው። ቤት ተሰጣቸው፣ ሰበሩት። እናትና አባት ሰክረው ልጅ ማን ያጥባል? ይህን ስትናገር ዘረኛ ትባላለህ እንጂ ሁሉም የሚያውቀው ነው።


ሲስተር በረሃ ጻፈች፦

የሰፈር ልጅ፣ እኔ የምሠራበት መንደር መጠጥ በሕግ ክልክል ነው። በሰሜኑ ግዛት እንዲህ ያሉ መንደሮች ብዙ ናቸው። ተቅማጡ ግን አለ። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፈልግ።

ጤና መኮንኑ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ማዕከላዊ አውስትራሊያ ውስጥ ካለ አንድ የመንደር ክሊኒክ ነው የምጽፍልህ። የመንደሩን ስም አልጠቅስም፤ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ቦታ ነው።

ልጅ ሲመጣ የማየው ይህንን ነው። ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አይመለስም። ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ያለፈውን ጊዜ ክብደቱን ከመዝገብ አወጣለሁ። የሚያስደነግጠኝ ብዙ ጊዜ የዛሬው ክብደት አይደለም። ባለፉት ወራት የጨመረው ነገር አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ተቅማጥ ትንሽ ይወስዳል። ልጁ ሊያገግም ሲል ሌላው ይመጣል።

ሮታ አንዱ ብቻ ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም አለ፣ ጃርዲያ አለ፣ ሺጌላ አለ፣ ሳልሞኔላ አለ። ስትሮንጊሎይድስ የሚባል ከአፈር በቆዳ የሚገባ ትል አለ። አንድ ልጅ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሲደጋገም የአንጀቱ ግድግዳ ይጎዳል። ምግብ የሚመጥጠው ክፍል ይሳሳል። ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መፍጨት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ጀርሙ ከሄደ በኋላም ወተት ሲጠጣ ተቅማጡ ይቀጥላል። የዳርዊን የሕፃናት ሐኪሞች ይህን ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል።

ሌላው ከሌሎች የአውስትራሊያ ሆስፒታሎች የሚመጡ ነርሶችን የሚያስገርማቸው ፖታሲየም ነው። እዚህ በተቅማጥ የሚገቡ የአቦርጂናል ሕፃናት ፖታሲየማቸው በጣም ወርዶ ይገኛል። ልጁ ጡንቻው ይላላል፣ ሆዱ ይነፋል፣ አንገቱን መያዝ ያቅተዋል። ደሙ ውስጥ አሲድ ይበዛል። ከተማ ውስጥ ተቅማጥ ያየ ሰው «ፈሳሽ ስጠውና ነገ ወደ ቤቱ» ይላል። እዚህ እንደዚያ አይሠራም። ብዙዎቹ ቀናት ይተኛሉ።

የምንሠራው ግልጽ ነው። ካርፓ የሚባል የሩቅ ክሊኒኮች መመሪያ አለን። ኦ አር ኤስ በኩባያ ወይም በሲሪንጅ በትንሽ በትንሹ፣ ካልሆነ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ። ካልተሻለው ለሐኪሙ ስልክ፣ ከዚያ የበራሪ ሐኪሞች አውሮፕላን። እናቱ አብራ ትሄዳለች። ሌሎቹ ልጆቿ አያታቸው ዘንድ ይቀራሉ። አያትየዋ ቤት ደግሞ ቀድሞውኑ ሞልቷል። እዚያም ሌላ ልጅ ይታመማል።

የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ እጅ ስለመታጠብ የሚያምር ፖስተር አለ። አብራኝ የምትሠራው የአቦርጂናል ጤና ባለሙያ ፖስተሩን እያየች ትስቃለች። እሷ ቤት ያለው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ከተዘጋ ቆይቷል። እንዲጠገን አስመዝግባለች። ሊጥ ሳይሰጡ እንጀራ ጋግሪ ማለት ነው።


የሁለት ልጆች እናት (ፉትስክሬይ) ጻፈች፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልሽ። አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ቤት ልጅ ሲያስቀምጠው ሰቨን አፕ ጋዙን አውጥተን እንሰጣለን። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። እነሱስ ምን ይሰጣሉ?


ሲስተር በረሃ ጻፈች፦

እነሱም ለስላሳና ኮርዲያል የሚባለውን የሚበጠበጥ ጣፋጭ ይሰጣሉ። ያው ነን! ግን ተዪው እህቴ። ስኳሩ ብዙ ነው፣ ጨው የለውም፤ አንጀት ውስጥ ውኃ እየሳበ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ኦ አር ኤስ ፋርማሲ አለ። ድንገት ካጣሽ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ካስታወከ አሥር ደቂቃ ጠብቂና በማንኪያ ቀጥዪ። ጡት አታቋርጪ። ምግብም አትከልክዪው። ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ደም ካየሽ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ቤት አትቀመጪ።

እዚያ መንደር ሱቅ አንድ ነው። ሳሙናም፣ ፍራፍሬም፣ ዳይፐርም ከከተማው በጣም ይወደዳል። ጡት ማጥባት ግን እዚያ ጥሩ ነው። ከብዙ የከተማ እናቶች የበለጠ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።


ቧንቧው (አሊስ ስፕሪንግስ) ጻፈ፦

ዝም ብዬ ላነብ ነበር የገባሁት፤ የሰፈር ልጅን ሳይ ግን አልቻልኩም። የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ለመንደር ቤቶች ጥገና በሚሠራ ኮንትራክተር ሥር ነው የምሠራው። «ሰበሩት» የምትለውን ቤት የምጠግነው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ውኃው። የበረሃ ውኃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ ማዕድን ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት እዚህ ቦይለሩን በጥቂት ዓመት ይበላዋል። የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል። የቧንቧው ጎማ ይበላና ያንጠባጥባል፤ ያንጠባጠበው መሬቱን ያበሰብሳል። ማንም ሰው አልሰበረውም። ሲድኒ ውስጥ የሚገጠመውን ርካሽ ዕቃ እዚህ ከገጠምክ ዕድሜው አጭር ነው፤ ይህን ደግሞ ዕቃውን የሚገዛው ሰው ያውቃል።

ሁለተኛ ፍሳሹ። ቤቱ የተሠራው ለአንድ ቤተሰብ ነው። የሚኖሩበት ሦስት ቤተሰብ ናቸው። ሽንት ቤት አንድ፣ ሻወር አንድ። ቱቦው የተቀበረበት ተዳፋት መጀመሪያውኑ ልክ አይደለም። ስለዚህ ይዘጋል፤ ፍሳሹ ግቢ ውስጥ ይወጣል። ልጆች የሚጫወቱት እዚያው ነው። ሲስተር የቆጠረቻቸው ጀርሞች ከየት ይመጣሉ ብላችሁ ታስባላችሁ?

ሦስተኛ ሥራው ራሱ። ወረቀቱ ላይ «የወጥ ቤት ቧንቧ» ይላል። በጠጠር መንገድ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቼ እሄዳለሁ። ስደርስ ሽንት ቤቱም ተዘግቷል፣ ሻወሩም አይሠራም። እናትየዋ «ይህንንስ?» ትላለች። ወረቀቱ ላይ የለም። እሱን ለማስፈቀድ ሌላ ጥሪ፣ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ጉዞ። አንዳንዴ ዝም ብዬ እጠግነዋለሁ። አይከፈለኝም። ሁሌ ግን አይቻልም።

አሁን ወደ «ሰበሩት»። በ1980ዎቹ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ፣ በአናንጉ ፒትጃንትጃትጃራ ምድር፣ ንጋናምፓ የሚባል በአቦርጂናሎቹ በራሳቸው የሚመራ የጤና ድርጅት ነበር፤ አሁንም አለ። ዳይሬክተሩ ያሚ ሌስተር ይባል ነበር። ማየት የተሳነው ሰው ነበር። ዓይኔን ያጣሁት እንግሊዞች በ1953 ኢሙ ፊልድ ላይ ኒውክሌር ባፈነዱ ጊዜ በመጣው ጥቁር ጭጋግ ነው ይል ነበር። ይህ ሰው ክሊኒኩ ቢሻሻልም ሕዝቡ መታመሙን አለመተዉን አየና ሦስት ሰዎች ጠራ። አንድ አርክቴክት፣ ፖል ፎሌሮስ። አንድ ሐኪም፣ ፖል ቶርዚሎ። አንድ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ስቴፋን ሬይኖው። ሰው እንዳይታመም ምን እናድርግ አላቸው።

በ1987 ሪፖርታቸውን አወጡ። ጤነኛ ለመሆን ቤት ውስጥ መቻል ያለባቸውን ዘጠኝ ነገሮች በቅደም ተከተል አስቀመጡ። አንደኛው ሰውን፣ በተለይ ሕፃናትን፣ በየቀኑ ማጠብ መቻል ነው። ሁለተኛው ልብስና አልጋ ልብስ ማጠብ። ሦስተኛው ፍሳሹ ከቤት እንዲወጣ ማድረግ። ምግብ ማብሰል አራተኛ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ «መቻል» ነው የሚለው። ሰው ይታጠባል ወይስ አይታጠብም አይደለም ጥያቄው። ሊታጠብ ቢፈልግ ሻወሩ ይሠራል ወይ ነው።

ቤቶቹን አንድ በአንድ ከፍተው ፈተሹ። ሶኬቱን፣ ሲፎኑን፣ የቦይለሩን ቫልቭ። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ እኔ በጣም የምወድላቸው። ሳይጠግኑ መመርመር የለም። ክሊፕቦርድ ይዞ መጥቶ ጽፎ የሚሄድ ሰው ሕዝቡን አሰልችቶታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መፍቻም ይዘው ይገባሉ። ሠራተኞቹም አብዛኞቹ የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

ይህ ሥራ ወደ ሌሎች ግዛቶች ሄደ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ታዩ። ነዋሪው ራሱ ሆን ብሎ ወይም ባለመጠንቀቅ ያበላሸው ከ10 ከመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። የተቀረው መደበኛ ጥገና ያላገኘና ሲሠራ ጀምሮ የተበላሸ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛቱ ራሱ የአሥር ዓመቱን ሥራ ገምግሞ ነበር። ቤታቸው የተጠገነላቸው ሰዎች በተላላፊ በሽታ ሆስፒታል የሚገቡት፣ ካልተጠገነላቸው ጋር ሲነጻጸር፣ 40 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ያንን ያደረገው ቧንቧ ሠራተኛና ኤሌክትሪሺያን ነው።


የሰፈር ልጅ (ብሪዝበን) ጻፈ፦

እሺ ቧንቧው፣ የመጠጡን ጉዳይ ተውኩት። ግን መንግሥት እዚያ ቢሊዮን ያፈሳል። ገንዘቡ የት ገባ ታዲያ? ዕቃው የተበላሸ ሰው ለምን አይከስም?


ጤና መኮንኑ (ሜልበርን) ጻፈ፦

ከሰዋል እኮ! ከአሊስ ስፕሪንግስ ወጣ ብላ ሳንታ ቴሬሳ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቹ ልቲየንቲ አፑርቴ ይሏታል። በ2016 ወደ 70 የሚሆኑ አባወራዎች አከራያቸውን፣ ማለትም የግዛቱን መንግሥት፣ ቤታችን አልተጠገነም ብለው ከሰሱ። በ2007 የፌዴራሉ መንግሥት በሰሜኑ ግዛት የአቦርጂናል መንደሮች አስተዳደር ጣልቃ ከገባ ወዲህ የመንደር ቤቶች አከራይ መንግሥት ነው። ኪራይ ይከፍላሉ። ከከሳሾቹ አንዷ አረጋዊት ቤታቸው ከአምስት ዓመት በላይ የጓሮ በር አልነበረውም። ቤቱ በረሃ ውስጥ ነው፤ እባብም ውሻም ይገባል። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ በኖቬምበር 2023 ለእሳቸው ተፈረደ። አከራይ በሩን ባለመግጠሙ ለደረሰባቸው ጭንቀት ካሣ ይገባቸዋል ተባለ። ሰባት ዓመት ፈጀ። አንዳንዶቹ ከሳሾች ፍርዱን ሳያዩ አርፈዋል።

በማርች 2024 ደግሞ የፌዴራሉና የግዛቱ መንግሥታት ለሰሜኑ ግዛት የመንደር ቤቶች በአሥር ዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር እናወጣለን አሉ። በዓመት እስከ 270 ቤት። ጥሩ ነው። ቧንቧው ከጻፈው በኋላ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። አዲሱን ቤት በሦስተኛው ዓመት ማን ይጠግነዋል? ሪባን የሚቆረጠው ለአዲስ ቤት ነው። ለተቀየረ የቧንቧ ጎማ ሚኒስትር አይመጣም።


ዶክተር ከአዲስ ጻፉ፦

እኔ አዲስ አበባ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። አውስትራሊያን አላየኋትም። ስለ ክትባቱ ግን ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

የሮታ ክትባት በሀብታም አገሮች ከከባድ በሽታ ከ80 ከመቶ በላይ ይከላከላል። አፍሪካ ውስጥ ሲፈተን ግን በደቡብ አፍሪካ 77፣ በማላዊ 49 ከመቶ ነው የተገኘው። ክትባቱ አንድ ነው፤ የሚለየው የልጁ አንጀት ነው። በተደጋጋሚ ተቅማጥ የተጎዳ አንጀት፣ በሌሎች ጀርሞች የተሞላ አንጀት፣ በአፍ የሚሰጠውን ደካማ ቫይረስ በደንብ አይቀበልም። የእናቲቱ ፀረ እንግዳ አካልም ሲበዛ ክትባቱን ያዳክማል።

የአሊስ ስፕሪንግስ ልጆች በዚህ ረገድ ከሜልበርን ይልቅ ወደ እኛ ይቀርባሉ። በ2007 እዚያ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ክትባቱ ልጆች ሆስፒታል እንዳይገቡ ከሦስት አራተኛ በላይ ተከላከለ። ሁሉም ተደሰተ። በ2009 ሌላ ዓይነት ዝርያ መጣ። ያኔ የተገኘው መከላከል 20 ከመቶ እንኳ አልሞላም። በ2017 እንደገና ወረርሽኝ ነበር። በአውስትራሊያ በአጠቃላይ ግን ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች በሮታ ሆስፒታል መግባት 70 ከመቶ ያህል ቀንሷል። ስለዚህ ክትባቱ አይሠራም የሚል ሰው ካለ አይሰማ። ይሠራል። በረሃው ላይ ግን ብቻውን አይበቃም።

አንድ ሌላ ችግር አለ። በአውስትራሊያ ሮታሪክስ የሚባለው የሮታ ክትባት የመጀመሪያው ዶዝ 15 ሳምንት ሳይሞላ፣ ሁለተኛው 25 ሳምንት ሳይሞላ መሰጠት አለበት። ከዚያ ካለፈ አይሰጥም። ምክንያቱ አንጀት አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሰካበት ብርቅ ግን አደገኛ ችግር ነው። ቤተሰቡ ለለቅሶ ሌላ መንደር ሄዶ ሳምንታት ቢቆይ ቀኑ ያልፋል። በዳርዊን የሚገኘው የሜንዚስ ተቋም ለአቦርጂናል ልጆች ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ዶዝ መስጠትን የፈተነው ጥበቃው እንዳይላላ ብሎ ነው።

ሜልበርን ሌላም ተስፋ አለ። ከአንድ አራስ ልጅ ከተገኘ ዝርያ የተሠራ ክትባት ነው። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሰጣል። በኢንዶኔዥያ ሲፈተን ገና ሲወለዱ የጀመሩትን ሕፃናት ከከባድ የሮታ ተቅማጥ 75 ከመቶ ተከላክሏል። ልጁ ገና ከእናቱ ጋር ሆስፒታል እያለ መስጠት ማለት፣ ለሩቅ መንደር ትልቅ ነገር ነው።


ጤና መኮንኑ (ሜልበርን) ጻፈ፦

ዶክተር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ዚንክስ? እኛ አገር ኦ አር ኤስና ዚንክ አብሮ ነው የሚሰጠው።


ሲስተር በረሃ ጻፈች፦

ዶክተር ከፈቀዱልኝ እኔ ልመልስ፤ ይህ እዚሁ የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2004 ዚንክ ይሰጥ ብለዋል። በአሊስ ስፕሪንግስ ሆስፒታል በተቅማጥ ለተኙ የአቦርጂናል ልጆች ዚንክና ቫይታሚን ኤ ተሰጥቶ ተፈትኗል። ውጤቱ በ2005 ወጣ። ተቅማጡ ቶሎ አልቆመም፤ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ በየሕፃኑ ላይ አንበትነውም። አገር ቤት ግን እንዳታቆሙ! የእኛ ልጆች የዚንክ እጥረት ሌላ ነው። እኔ ከዚህ የተማርኩት የአንዱን አገር ፓኬጅ አንሥቶ ሌላው ላይ መለጠፍ እንደማይሠራ ነው።


ፐርዝ 08 ጻፈ፦

አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር። ስታነቡ ሁሉም አቦርጂናል በረሃ ውስጥ የሚኖር አይምሰላችሁ። በ2021 ከአቦርጂናልና ከቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝብ ሩቅና በጣም ሩቅ በሚባል ቦታ የሚኖረው 15 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ኑንጋር፣ ማለትም የዚህ አካባቢ አቦርጂናል ናት፤ ልጆቿ ከልጆቼ ጋር አንድ መዋዕለ ሕፃናት ይውላሉ። የሚያማቸውም ያው የልጆቼ ጉንፋን ነው። በሽታው በደም አይመጣም ለማለት ነው።

ቧንቧው፣ መብራቱስ እንዴት ነው? ቦይለሩ ቢጠገንስ መብራት ከሌለ?


ቧንቧው (አሊስ ስፕሪንግስ) ጻፈ፦

ጥሩ አነሣህ። መብራቱ እንደ አዲስ አበባ ካርድ ቆጣሪ ነው። ቀድመህ ትሞላለህ፤ ሲያልቅ ይጠፋል። በ2018–2019 የበጀት ዓመት በሰሜኑ ግዛት ሩቅ መንደሮች 3,300 ቤቶች ተጠንተው ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ መብራት የጠፋባቸው 91 ከመቶ ናቸው። ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ከአሥር ጊዜ በላይ ጠፍቶባቸዋል። በጣም ሲሞቅና በጣም ሲበርድ ይብሳል፤ ኤሲና ማሞቂያ ካርዱን ይበሉታል። በጋውን አስቡት። ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ፍሪጁ ጠፍቶ ያደረ ምግብ ጠዋት ልጅ ይበላዋል። ልብስ ማጠቢያውም ቆሟል፤ የታመመው ልጅ ያበላሸው ብርድ ልብስ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ማታ ሌላው ልጅ ይተኛበታል። ማጠቢያ ማሽኑ ራሱ እዚያ ድረስ በጭነት መኪና ስለሚሄድ ዋጋው ከከተማ ይበልጣል፤ የበረሃው ውኃ ደግሞ እሱንም ይበላዋል።

አንዳንድ መንደሮች የጋራ ልብስ ማጠቢያ ቤት ከፍተዋል። ጠንካራ ማሽን፣ የሚጠግነው ሰው እዚያው ያለ። እሱ ባለበት መንደር ሥራዬ ሲቀንስ አይቻለሁ። ክሊኒኩም ሳይቀንስ አይቀርም፤ ያንን ሲስተር ትንገረን።


ሲስተር በረሃ ጻፈች፦

እኛ ዘንድ የለም። ጎረቤት መንደር አለ፤ እከክ ቀንሷል ይላሉ። ስለ ተቅማጡ ቁጥር ሳላይ አልናገርም።


የሁለት ልጆች እናት (ፉትስክሬይ) ጻፈች፦

ዶክተር፣ ስለ 15 ሳምንቱ ያሉት አስደንግጦኛል። የእህቴ ልጅ 13 ሳምንቷ ነው። ገና ከአዲስ አበባ መምጣታቸው ነው፤ እዚህ ክትባት አልጀመረችም። አለፈባት እንዴ?


ዶክተር ከአዲስ ጻፉ፦

አላለፈባትም፤ ግን በዚህ ሳምንት ትሂድ። እዚህ ሮታ የሚሰጠው በ6 እና በ10 ሳምንት ነው። ምናልባት ሁለቱንም ወስዳ ይሆናል። ቢጫ ካርዷን እይው።


የሁለት ልጆች እናት (ፉትስክሬይ) ጻፈች፦

ካርዱ አለ። የ6 ሳምንቱ ተጽፏል፣ የ10ሩ ባዶ ነው። ጉዞ ላይ ነበሩ።


ዶክተር ከአዲስ ጻፉ፦

እንግዲያው አትጀምርም፤ የቀራትን አንዱን ዶዝ ነው የምትወስደው። የፔንታና የኒሞኮካልም ቀርቷት ይሆናል፤ ካርዱን ይዘው ይሂዱና ነርሷ ሁሉንም ታስተካክለው። ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ አንሡት፤ ካርድ ይጠፋል።